እንዴት ሆነ?

አሮጌ የሞተር ዕቃ የሚገዛ ሰው ብረቱ እስከዛሬ ያየውን ፍዳ ሁሉ አብሮ ይገዛል። ስንት ጊዜ ዘይት አጥቶ እንደነደደ፣ ማን እንደፈታው፣ የማን ጉልበት ብሎኑን ከልኩ በላይ እንዳጠበቀው ላዩ ላይ አልተጻፈም። ሻጩ ቢያውቅ አይናገርም፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ እውነቱን ነው፣ እሱም አያውቅም፤ ከሌላ ሰው ገዝቶ ነው የደረደረው። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባው የአሮጌ መኪና ዕቃ ገበያ፣ ወደ ሶማሌ ተራ የሚገባ ሰው በኪሱ ካለው ገንዘብ እኩል አንድ አዋቂ ያስፈልገው ነበር፤ ብረቱን ገልበጥ አድርጎ የሚያነብ፣ ላነበበበት ደግሞ ዋጋ የማይጠይቅ። እንዲህ ያለውን ሰው መጠየቅ የራሱ ወግ ነበረው። እኔ ወጉን ያየሁት ከአባቴ ኋላ ኋላ እየሄድኩ ነው።

ጊዜው የ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። አባቴ የእንግሊዝኛ መምህር ነበር፤ መኪናችን ቮልስ። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ የማይታይበት ሰፈር ማግኘት ይቸግር ነበር። መምህሩም፣ ነርሷም፣ የመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ሹምም የሚነዱት እሷን ነው። ንጉሡም ቢሆኑ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነበር። አባቴ ይህን ታሪክ የሚያነሣው የእኛዋ ጠዋት ጠዋት አልነሣ ስትለው ነው፤ «እንኳን ዛሬ፣ ያን ቀንም ተነሥታለች» ይልና ቁልፉን እንደገና ያዞራል።

የቮልስ ሞተር ከኋላ የሚቀመጥ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ራዲያተር የሌለው ነው። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተኝተዋል። ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎኖች ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ክሪክና ሁለት ጎረምሶች ካሉ ከምሳ በፊት መሬት ላይ ይቀመጣል። የአሮጌ ዕቃውን ገበያ ያደራው ይኸው ነው። ሞተሩ ሙሉውን ወርዶ ይሸጣል፣ ተበትኖም ይሸጣል፤ ከሦስት የሞቱ ሞተሮች አንድ የሚሠራ ይወጣል።

የእኛዋ መድከም የጀመረችው ቸርችል ጎዳና ላይ ነው። ከለገሐር ወደ ፒያሳ ስትወጣ ድሮ በሦስተኛ ማርሽ የምትጨርሰውን ዳገት በሁለተኛ እያለከለከች መውጣት ጀመረች፤ ከማርሚታዋም በየመሐሉ ተኩስ ይሰማል። የሰፈራችን መካኒክ ካንዴላዎቹን ፈታትቶ ካየ በኋላ ሙሉ ሞተር ግዙ አለ። የዚያን ጊዜ የመምህር ደሞዝ ለሙሉ ሞተር የሚበቃ አልነበረም። አባቴም «እስቲ ጋሼን እንጠይቅ» አለና ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ተክለ ሃይማኖት ወረድን።

ሶማሌ ተራን ላየ ሰው ብዙ መናገር አያስፈልግም። የቆርቆሮ ሱቆች፣ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ማርሚታ፣ ግድግዳ የተደገፈ በር፣ መሬቱ የዘይት ጥቁር። እዚህ ላዳ፣ እዚያ ፊያት፣ ወዲያ ቶዮታ። ማታ የጠፋብህን ስፖኪዮ ጠዋት እዚያ ሄደህ ትገዛዋለህ እየተባለ ይቀለድ ነበር፤ ቀልዱን ከሁሉ አብልጠው የሚያወሩት ግን ነጋዴዎቹ ራሳቸው ናቸው። ገና ከመኪና ሳትወርድ ደላላ ያገኝሃል። የደላላ ምክርም በነጻ ነው፤ እንዲያውም ሳትጠይቀው ይመክርሃል፤ ሒሳቡ ዕቃው ዋጋ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅሃል። አባቴ ሰላምታውን ተቀብሎ፣ ስለ ጤናው ጠይቆ፣ ምን ፈልጎ እንደመጣ ግን ትንፍሽ ሳይል ያልፍ ነበር።

ጋሼ ሌላ ስም እንዳላቸው ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በወጣትነታቸው የፈረንጅ መኪና የሚጠገንበት ጋራዥ ውስጥ ሠርተዋል፤ እኔ ሳውቃቸው ግን ጓርኒሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቺንጋና የመብራት አምፖል የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። ሞተርም ሆነ የሞተር ሆድ ዕቃ አይሸጡም። አባቴ የሚያምናቸው በአንድ በኩል ለዚህ ነው፤ ቴስታታው ደህና ቢሆን አያተርፉ፣ የተሰነጠቀ ቢሆን አይከስሩ።

እሳቸው ዘንድ በጠዋት አይኬድም። የቀኑን የመጀመሪያ ዕቃ ሳይሸጡ ወሬ ይዞ የሚቆም ሰው ገበያ ይዘጋል። ከምሳ በኋላ፣ ቡና ከጎረቤት በሚመጣበት ሰዓት ነው የሚኬደው፤ እጃቸው ሥራ ላይ ከሆነ ደግሞ ቆሞ መጠበቅ ነው። ጥያቄ ብቻ ይዞ መሄድም ነውር ነበር። «መኪናዬ ይንኳኳል፣ ምን ይሆን?» የሚል ሰው ሲመጣ ጋሼ «እኔ ምኑን ሰማሁት?» ብለው ይስቃሉ። አባቴ አራቱን ካንዴላዎች በየቁጥራቸው በጋዜጣ ጠቅልሎ ነበር ይዞ የሄደው፤ ሳያጥባቸው፣ ጥቀርሻቸውን ሳይነካ። ይህን ያደረገው ቀደም ሲል አንድ ወጣት ሲገሠጽ ስላየ ነው። ልጁ ፒስተኑንና ቫልቮቹን በብሩሽ ፈግፍጎ፣ በቤንዚን አጥቦ፣ መስተዋት አስመስሎ ያቀርባል፤ ክብር የሰጠ መስሎታል። ጋሼ ወዲያ ወዲህ አገላብጠው አዩትና «ምስክሩን ገድለህ አመጣኸው» አሉት። ጥቀርሻው ደረቅ ነው ወይስ ቅባታም፣ ነጭ ነው ወይስ ቡና ዓይነት፣ የሞተሩ ሕመም የሚታወቀው በዚያ ነበር።

ከዚያ እውነቱን መናገር ይመጣል። መጨረሻ የነካው ማነው? ዘይቱ መቼ ተቀየረ? ቮልስ የዘይት ፊልትሮ የላትም፤ ያላት ወንፊት ብቻ ነው፤ የምትይዘው ዘይትም ሁለት ሊትር ተኩል ነው። ስለዚህ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ካልተቀየረ ያችው ትንሽ ዘይት ቆሻሻውን ሁሉ ተሸክማ ትዞራለች። ሰው ለሐኪም እንደሚዋሸው ለጋሼም ይዋሽ ነበር። «ባለፈው ወር ነው የቀየርኩት» ይላል፤ ጋሼ ጣታቸው ላይ ያለውን ጥቁር ለጥ አድርገው እያዩ ዝም ይላሉ። አባቴ ለሰባት ወር ያህል እንዳልቀየረ ተናግሮ ስለነበር ያን ቀን ጨዋታው አጠረ።

ካንዴላዎቹን ገና ከጋዜጣው ሳያወጡ «መምህር፣ ሦስተኛው ነው» አሉ። አወጧቸው፤ ሦስተኛው ነበር። ጭስ የሚያስወጣው የሦስተኛው ሲሊንደር ቫልቭ ተቃጥሏል አሉ፤ ቴስታታው ከተገኘ ሙሉ ሞተር አያስፈልግም። አባቴ ተገርሞ ከምን እንዳወቁት ጠየቀ። መልሳቸው እንዲህ ነበር፤ ሁሉም እየመጣ ሦስተኛው ነበር ይለኛል። ምክንያቱን ግን አያውቁም።

ምክንያቱ የተገኘው እቤት፣ አባቴ ከአንድ ጓደኛው ተውሶ ባስቀመጠው የእንግሊዝኛ የጥገና መጽሐፍ ውስጥ ነው። የዘይት ማቀዝቀዣው የተሠራው ቬንቲላተሩን በሸፈነው ቆርቆሮ ውስጥ፣ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር በሚወርደው ነፋስ መንገድ ላይ ነው። ነፋሱ መጀመሪያ የጋለውን ዘይት ያቀዘቅዛል፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ሞቅ ብሎ፣ ቀንሶም ነው። ስለዚህ ያ ሲሊንደር ዕድሜውን ሁሉ ከወንድሞቹ ይበልጥ ይግላል። ፋብሪካው ይህን አይቶ በፈረንጆቹ የ1971 ሞዴል ላይ ማቀዝቀዣውን ከነፋሱ መንገድ አውጥቶ የራሱ ጎጆ ሠራለት። አባቴ ገጹን ወደ አማርኛ መልሶ በእርሳስ ጽፎ በሚቀጥለው ቅዳሜ ለጋሼ አነበበላቸው። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ የቡናው ሲኒ እጃቸው ላይ ቀዝቅዟል። ሲያበቃ «ድገሙልኝ» አሉት። ከዚያ ቀን በኋላ ሞተር ሊገዛ የሚሄድ ሰው ሲጠይቃቸው ቬንቲላተሩ ቆርቆሮ ላይ ከኋላ እብጠት ያለውን ፈልግ ይሉ ነበር።

መጽሐፉ ሌላም ክርክር አምጥቷል። የሲሊንደር ግፊት ሲለካ ሊገኝ የሚገባው ቁጥር ተጽፎበታል፤ የእኛዋ ከአራቱም ሲሊንደሮች ያንን የሞላ አልነበረም። አባቴ የቀሩት ሦስቱም ሊሞቱ ነው ብሎ ደነገጠ። ጋሼ ግን «መጽሐፉን የጻፈው ሰው ባሕር ዳር ቆሞ ነው የለካው» አሉ። እውነታቸውን ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕሩ ዳርቻ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሲሊንደሩ የሚስበው ያንኑ ስስ አየር ስለሆነ ጤነኛ ሞተርም ቢሆን መለኪያው ላይ ዝቅ ብሎ ይነበባል። እንደ ጋሼ አባባል ቁጥሩን ከመጽሐፉ ጋር ማስተያየት ከንቱ ነው፤ አራቱን እርስ በርሳቸው አስተያይ፤ ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ ከራቀ ያን ጊዜ ፍራ። ስንት ደህና ሞተር በዚያ መጽሐፍ ተፈርዶበት እንደተሸጠ ሳስብ ይገርመኛል፤ ምናልባት የሶማሌ ተራ ደህና ዕቃ ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

ወደ ግዢው ስንገባ ጋሼ ሱቃቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው አብረውን ወጡ። ሞተሩ ላይ፣ ከዲናሞው መቀመጫ ሥር የታተመ ፊደል አለ፤ ዲ ከሆነ 1200፣ ኤፍ ከሆነ 1300፣ ኤች ከሆነ 1500 ነው፤ ኤቢ የኋለኛው 1300፣ ኤዲ የኋለኛው 1600። ፊደሉ የተፈገፈገ ከሆነ ሻጩን ሳያስቀይሙ ማለፍ ነው። በመለኪያ ብቻ የሚተማመን ሰው ደግሞ ይሞኛል፤ የ1200ውም የ1300ውም ፒስተን ስፋቱ 77 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚለየው የሚመላለስበት ርዝመት ነው፤ በአንዱ 64፣ በሌላው 69። ስፋቱን ለክቶ «የኔው ነው» ያለ ሰው የሌላ ሞተር ዕቃ ታቅፎ ይገባል። አንዱ ነጋዴ የሞተሩን ቤት ግማሹን ብቻ ለብቻው አቅርቦ አገኘነው። ሁለቱ ግማሾች ፋብሪካ ውስጥ ተጋጥመው፣ አንድ ላይ ተቦርቡረው፣ አንድ ቁጥር የተሰጣቸው ጥንዶች ናቸው፤ አንዱ ያለሌላው ዋጋው የብረት ኪሎ ብቻ ነው። ጋሼ አዩትና «መልካም ነው፣ ባልና ሚስቱን አብረህ ስታገኝ ጥራኝ» ብለው አለፉ።

ሙሉ ሞተር ሲያጋጥማቸው ሳይፈለግም ቢሆን አንድ ነገር ሳያደርጉ አያልፉም። የክራንኩን ፑሊ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ራሳቸው ይስቡታል፣ መልሰው ይገፉታል። መጽሐፉ ክራንኩ ወደፊትና ወደኋላ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ቢንቀሳቀስ ይፈቅዳል፤ 0.15 ካለፈ አልቆለታል። ይህንን የሚለካ መሣሪያ ሶማሌ ተራ ውስጥ የያዘ ሰው አላየሁም። ጋሼ የሚለኩት በጆሯቸው ነው፤ «ቋ» ካለ ተወው።

ከሁሉ የሚከብደው ወግ ግን ሻጩ ፊት የሚደረገው ነው። ጋሼ እዚያው ይውላሉ፤ ከሻጩ ጋር ዕድር አላቸው፣ ልጆቻቸው አብረው ይጫወታሉ። ደንበኛው ሁለተኛ ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ «ይህ ዕቃ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብሎ እዚያው መጠየቅ ጋሼን ከጎረቤታቸው ጋር ማጣላት ነው። አባቴ ቴስታታውን ያነሣል፣ ጋሼ ባትሪ ያበራሉ፣ በቫልቩ መቀመጫና በካንዴላው ቀዳዳ መሐል ያለችውን ቀጭን ቦታ ያያሉ፤ የቮልስ ቴስታታ ከተሰነጠቀ በዚያ ነው የሚሰነጠቅ። የካንዴላውን ጥርስ በጣታቸው ይዳስሳሉ። ከዚያ «መምህር፣ ነገ ቢመለሱ ይሻላል፣ ዛሬ መሽቷል» ካሉ ዘጠኝ ሰዓትም ቢሆን መሽቷል ማለት ነው። ሻጩ ይገባው ነበር፤ አይቀየምም፤ ማንም ምንም አላለውማ። ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ ጋሼ አዩ፣ ዳሰሱ፣ ዝም አሉ። ባትሪያቸውን አጥፍተው ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። አባቴ ዋጋ መጠየቅ ጀመረ።

ገንዘብ ቢሰጧቸው ይቆጡ ነበር። ከእሳቸው የሚገዛ ነገር መግዛት ግን ይቻላል፤ ጓርኒሲዮን አስፈላጊ ነበርና ገዛን። አባቴ በመርካቶ ለሽንኩርት ግማሽ ሰዓት የሚከራከር ሰው ነው፤ ጋሼ ያሉትን ዋጋ ግን ሳይቀንስ ከፈለ፤ እሳቸውም ሳይጨምሩ ጠየቁ። ይህን ሁለቱም ያውቁታል፤ ስለሱ ሲነጋገሩ አልሰማሁም።

አንድ የሚጠሉት ነገር ነበር። ምክራቸውን ሰምቶ የራሱ መካኒክ ዘንድ ሄዶ «ጋሼ እንዲህ ብለዋል» እያለ በእሳቸው ስም ሰውየውን የሚመታ። «ስሜን ይዘህ ጋራዥ አትግባ» ይሉ ነበር። አንድ መካኒክ ሌላው በሩቅ ሆኖ ሲያርመው ሥራውን አይወደውም፤ ያልወደደውን ሥራ ደግሞ እንዴት እንደሚያጠብቀው ጋሼ ያውቃሉ። ስለዚህ አባቴ ቴስታታውን ለሰፈራችን ሰው ሲሰጠው «እስቲ ይህንን አንተ እየው፣ ይሆን ይሆናል» ብቻ አለ። መካኒኩም አገላብጦ አይቶ «ይሆናል፤ እኔም ይህንኑ ልላችሁ ነበር» አለ። ቫልቮቹን አሽቶ ገጠመ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ክፍተታቸውን 0.15 ሚሊ ሜትር አድርጎ አስተካከለ። ቮልሳችን ቸርችልን በሦስተኛ ማርሽ ወጣች።

ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቴ ጫማውን ሲያስር ወዴት ነው አልኩት። ጋሼ ጋ። ምን ጎድሎ? ምንም አልጎደለም፤ ሊነግራቸው ነው። ሦስተኛውን ካንዴላ ፈትቶ በወረቀት ጠቅልሎ ይዟል። ጋሼ እንዳዩን «እንዴት ሆነ?» አሉ፤ ከሰላምታም በፊት። ከዚያ ጥያቄው ጎረፈ። ስንት ቀን ነዳችሁ? ዳገት ላይ ጋለች? ተኩሱ ወዲያው ጠፋ ወይስ ቀስ በቀስ? ካንዴላውን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዙረው ለረጅም ጊዜ አዩት። ቡና ዓይነት፣ ደረቅ። አንድም ቃል ሳይናገሩ መለሱለት፤ ደስ ብሏቸው ነበር።

ብዙ ሰው አይመለስም ነበር። ሞተሩ ሲነሣለት ጋሼን ይረሳል። አንድ ባለ ቢጫ ቮልስ ከእሳቸው ጋር ግማሽ ቀን ቴስታታ ሲመርጥ ውሎ እንደወጣ ቀረ፤ ጋሼም ያየ ሰው ሁሉ እያቆሙ «ያ ቢጫው ምን ደረሰ?» ይሉ ነበር። ምስጋና ያጡ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያጡት ሌላ ነው። ሦስተኛው ሲሊንደር መሆኑን ያወቁት ሰው እየተመለሰ ስለነገራቸው ነው፤ መጽሐፍ አላነበቡም፣ ያን ሁሉ ሞተር በእጃቸው አልፈቱም። ያልተመለሰ ሰው የእውቀታቸውን አንድ ገጽ ቀዶ ይዞባቸው የሄደ ነው። ባለ ቢጫው ከወራት በኋላ ሌላ ችግር ይዞ ሲመጣ አላመናጨቁትም፤ አዳምጠውት «ሞክረው» አሉት። ዕቃውን አልዳሰሱም፣ ባትሪ አላበሩም። ቅጣቱ ያች አንድ ቃል ነበረች፤ ሰውየው መቀጣቱን ያወቀ አይመስለኝም።

ድሮ ሰው ደግ ነበር፣ ዛሬ ሁሉ በገንዘብ ሆነ የሚለውን ወሬ ስሰማ ጋሼ ትዝ ይሉኛል፤ ምሳሌ ሊሆኑለት ግን አይችሉም። ደግ ነበሩ፤ ነገር ግን በነጻ አልሰጡም። የሚፈልጉትን ዋጋ ያውቁ ነበር፤ ዋጋው ወሬ ነበር፤ የማይከፍለውንም ያስታውሱ ነበር።

ቮልስ ጀርመን አገር መሠራቷ በፈረንጆቹ 1978 አብቅቶ ነበር፤ ሜክሲኮ እስከ 2003 ስትሠራት ቆየች። ሶማሌ ተራ ግን ቶዮታን ተከትሎ ሄደ፤ የቮልስ ሱቆች አንድ በአንድ የኮሮላ ሆኑ። አባቴ መኪናዋን የሸጣት ጡረታ ሊወጣ ሲል ነው፤ ለገዢው ከቁልፉ ጋር የጋሼን ሱቅ አቅጣጫ በወረቀት ስሎ ሰጠው።

አሁን ቮልስ ገዝቶ ማደስ የወጣቶች ፋሽን ሆኗል። የወንድሜ ልጅ አንዷን ገዛና ሙሉ ሞተር አግኝቻለሁ፣ ልግዛው ወይ ብሎ ደወለልኝ። መካኒክ አይደለሁም፤ ነገር ግን የማውቀውን ጠየቅሁት። ፊደሉ ምን ይላል? ቬንቲላተሩ ቆርቆሮ ላይ እብጠት አለው? ፑሊውን ሳብ ገፋ አድርገው፣ ምን ይሰማል? እሺ አጎቴ፣ አይቼ እደውላለሁ አለ። በኋላ ከእናቱ እንደሰማሁት ሞተሩን ገዝቷል፤ ተገጥሟል አሉ። አልደወለም። እኔም ለበዓል ስንገናኝ ከዘመድ መሐል ጎተት አድርጌ ወደ ጥግ ወስጄ ኤፍ ነበር ወይስ ኤች፣ «ቋ» ብሎስ ነበር ወይ ብዬ ለመጠየቅ ተዘጋጅቻለሁ።